ከበርበሬ ተራ እስከ 47ኛ ፎቅ፦ ለባለሙያዋ ማን ስም ይስጣት?

ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት ሲከፍት የመረጠው ቦታ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 47ኛ ፎቅ ነው። ሕንፃው ቁመቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። የቆመበት አካባቢ ሰንጋ ተራ ይባላል፤ ስሙ ራሱ የከብት ገበያን ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ መርካቶ ነው።

ስለዚህ ምግብ ቤት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ወይ ከፍታው ነው ወይ ዋጋው። ሁለቱም ግን ዋናው ጥያቄ አይደሉም። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ኢትዮጵያዊ ዓለም የሚያውቀው የምግብ ባለሙያ ለመሆን የግድ ስዊድን ማደግና ኒው ዮርክ መሥራት ነበረበት ወይ? በርበሬ ተራ ውስጥ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ያደገችው ልጅ ዛላውን በሽታው ብቻ የየት አገር እንደሆነ ለይታ እያወቀች፣ ለምንድን ነው እሷን ማንም ሼፍ ብሎ የማይጠራት?

የኢትዮጵያ ምግብ ጣዕም አላጣም። ጎበዝ አብሳይም አላጣም። ያጣው ስም ነው። የመጣበት ቦታ ስም፣ የሠራችው እጅ ስም፣ የሙያው ስም። እነዚህ ሦስት ስሞች ከገጠር ተነስተው መርካቶ እስኪደርሱ ድረስ አሉ። ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ። የክልሎቻችን ምግብ ዘምኖ በኩራት እንዲቀርብ የሚፈልግ ሁሉ ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

የአንድ ሰው መንገድ

የማርከስ ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሣሁን ጽጌ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ የሳንባ ነቀርሳ እሱንም እናቱንም እህቱንም ያዘ። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ሕክምና ፍለጋ በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። ልጆቹ ዳኑ፣ እሷ ሞተች። ሁለቱን ልጆች የጎተንበርግ ነዋሪ የሆኑ ስዊድናውያን ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዷቸው። ካሣሁን ማርከስ ሆነ፣ እህቱ ፋንታዬ ሊንዳ ሆነች።

ምግብ ማብሰልን መጀመሪያ ያስተማሩት ስዊድናዊቷ አያቱ ናቸው። ከዚያ ጎተንበርግ ውስጥ በሙያው ሠለጠነ፤ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ትልልቅ ወጥ ቤቶች ውስጥ እየተጯጯኸበት፣ ሽንኩርት እየከተፈ፣ አሣ እየላጠ ከታች ተነሳ። ኒው ዮርክ ውስጥ አኳቪት በተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ዋና ሼፍ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ ሰጠው። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን የኒው ዮርክ ምርጥ ሼፍ ብሎ ሸለመው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ባደረጉት የመጀመሪያው የመንግሥት እራት ላይ እንዲያበስል ተጋበዘ። በቀጣዩ ዓመት ሃርለም ውስጥ ሬድ ሩስተርን ከፈተ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ሰውየው ስሙን የተከለው በስዊድን ምግብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ምግብ የተመለሰው ስም ካወጣ በኋላ ነው። የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ እንደማያውቅ ራሱ ጽፏል። ፎቶ ያጣለትን እናቱን የፈለጋት በበርበሬ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የአፍሪካ ምግቦች መጽሐፉ የዚህ ፍለጋ ውጤት ነው።

የሚያምር ታሪክ ነው። ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ማርከስን ማርከስ ያደረገው ተሰጥኦው ብቻ አይደለም፤ መሰላል ነው። ትምህርት ቤት ነበረ። ከተላጭ ድንች ተጀምሮ ዋና ሼፍ እስከመሆን ደረጃው የታወቀ የሥራ መስመር ነበረ። ጋዜጣው ምግብን እንደ ቴአትር ወይም እንደ መጽሐፍ ቆጥሮ በስም የሚተች፣ በስም የሚያመሰግን ሐያሲ ነበረው። የሚሸልም ድርጅት ነበረ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ካሣሁን ጎበዝ ወጥ ሠሪ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ደግሞ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛ አለ፤ ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎችንም አፍርቷል። መሰላሉ ግን ከላይ የተቆረጠ ነው። ሠልጣኙ ከተመረቀ በኋላ በስሙ የሚጠቅሰው ጋዜጣ የለም፤ የሠራውን ወጥ ከሌላው ወጥ ለይቶ የሚተች ሐያሲ የለም። ስለዚህ ጎበዙ ዱባይ ይሄዳል፣ ያልሄደው ሆቴል ውስጥ ስም አልባ ሆኖ ጡረታ ይወጣል።

ባለሙያ የሚለው ቃል

አማርኛ በዚህ ነገር ላይ ከአገሩ ቀድሟል። አንዲት ሴት ወጥ ስታሳምር፣ ጠላዋ ሲጣፍጥ፣ እንጀራዋ ዓይን ሲያወጣ ምን ትባላለች? ባለሙያ። ዛሬ ሐኪሙንም መሐንዲሱንም የምንጠራበት ቃል ለሷ የተሰጠው ዲግሪ የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት ነው። እውቀቷም ስም አለው፦ ባልትና።

ነገር ግን ይህ ክብር ከሠርግ ቤት አያልፍም። ድግስ ላይ ባለሙያ የተባለችው ሴት ያንኑ እጇን ይዛ ሆቴል ስትቀጠር የወጥ ቤት ሠራተኛ ትባላለች። ደመወዟም እንደ ስሟ ይሆናል። ነጭ ቆብ የሚደፋው፣ ሼፍ የሚባለው፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ወጥቶ የሚጨበጠው አብዛኛውን ጊዜ ስፓጌቲና ስቴክ የተማረው ወንድ ነው። ዶሮውን የበለተችው፣ ሽንኩርቱን ለሰዓታት ያቁላላችው ከኋላ ናት።

ሌላም አለ። ሙያ በልብ ነው ይባላል። ተረቱ ጉራን ለመገሠጽ ነው፤ መልካም ነው። ግን ሙያን በልብ ይዞ መቅረት ዋጋ ያስከፍላል። አያት ስትሞት ምጣዷን ተክታ የምትቀመጠው ልጅ ከሌለች እውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ስንት ግራም ኮረሪማ፣ ስንት ቀን ማጠንፈፍ፣ የቱን ቅቤ ለየቱ ወጥ የሚለው ሁሉ የትም አልተጻፈም።

መርካቶ የሚያውቀውን ሆቴሉ አያውቅም

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ተገፋ። አገዛዙ ያገሬውን ሰው ከአውሮፓውያኑ ሠፈር ለይቶ ለማስቀመጥ ያደረገው ነበር። ማግለያ እንዲሆን የታሰበው ቦታ ግን የአገሪቱ ሆድ ሆነ። ዛሬ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው መርካቶ ከንግድ ቦታነቱ ሌላ የኢትዮጵያ የጣዕም ካርታ ነው።

በርበሬ ተራ ገብቶ ዝም ብሎ በርበሬ ስጪኝ የሚል ገዢ ለነጋዴዋ አዲስ ሰው ነው። እሷ የማረቆ ነው የአላባ ነው የምትፈልገው ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ለቀለም፣ ሌላው ለማቃጠል፣ ሌላው ለመዓዛ። ጤፍ ሲሆን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ይባላል፤ የአድአ ማኛ ሲባል ዋጋው ለብቻው ነው። ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ተብሎ ይለያል፤ የሸኖ ለጋ ስሙ ብቻውን ገበያ ነው። ኮረሪማው የኢትዮጵያ የራሷ ተክል ነው፤ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ደን ይመጣል። ጥምዝ ከነካፋ ጫካ ይወርዳል። እርዱ የቴፒ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ድንብላል እያንዳንዳቸው የመጡበት ምድር አላቸው።

ከዚህ በኋላ ደግሞ የእጅ ሥራው ይመጣል። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ይጠነፍፋል፣ ይደርቃል፣ ቅመሙ ይታመሳል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አንዲት የባልትና ሱቅ ባለቤት ለክትፎ የሚሆነውን ሚጥሚጣ፣ ለሽሮ የሚሆነውን በርበሬና ለዶሮ የሚሆነውን በርበሬ የምታዘጋጀው በተለያየ መጠን ነው። ይህ በፈረንሳይ ወጥ ቤት ቢሆን የሦስት ዓመት ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ የያዘ ጆንያ መርካቶን ለቅቆ ሆቴል ሲገባ ምን ይሆናል? የምግብ ዝርዝሩን አንስቶ ማየት በቂ ነው። ዶሮ ወጥ። ጥብስ። ክትፎ። ሽሮ ተጋቢኖ። በየዓይነቱ። ከቦሌ እስከ ሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን ያው ነው። ርዕሱም የሀበሻ ምግብ ይላል። የየት በርበሬ፣ የየት ቅቤ፣ የማን እጅ የሚል ነገር የለም።

የአጋመ ጥሕሎ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይበላል? የወለጋው አንጮቴስ? የወላይታው ዳጣ ከክትፎ ጎን ለጌጥ ካልቀረበ በቀር በራሱ ተከብሮ የቀረበበት ቤት ስንት ነው? የሲዳማው ቡርሳሜ፣ የሐረሪዎች ሁልበት መረቅ፣ የጎጃምና የጎንደር የዳጉሳ እንጀራ፣ በጾም የሚናፈቀው ስልጆ? ያሉበትን የሚያውቅ ያውቃል፤ ለዚያውም በሰው በሰው ተጠይቆ ነው። ክትፎና ቆጮ ከጉራጌ ወጥተው የሁሉም ገበታ ላይ ለመድረስ የጉራጌ ነጋዴዎች መርካቶን በጉልበታቸው ማቅናት ነበረባቸው። ያ የሌላቸው ምግቦች በየአካባቢያቸው ቀርተዋል።

ፖርቱጋል ምን አደረገች?

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። ከሌላ አገር ልምድ ቢጠቀስ ፖርቱጋል ትቀርባለች፤ ለመቅረቧም ምክንያት አለ። በርበሬ በመሠረቱ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ያዳረሱት በዋናነት የፖርቱጋል መርከቦች እንደሆኑ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። ዘመኑም በ1541 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፎር ዳጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ክፍለ ዘመን ጋር አንድ ነው። የኛ የሚባለው በርበሬ እንኳ እንግዳ ሆኖ መጥቶ በባለሙያ እጅ ነው የኛ የሆነው። እነሱም በተራቸው ለሚያቃጥለው ሚጥሚጣቸው ፒሪ ፒሪ የሚለውን ስም ከምሥራቅ አፍሪካ ወስደዋል።

ፖርቱጋል ለረጅም ጊዜ በምግቧ አታፍርም ቢባል ውሸት ነው። ትልልቅ ሆቴሎቿ የሚኮሩት በፈረንሳይ ምግብ ነበር። የገጠሩ ምግብ የድሃ ምግብ ተብሎ ጓዳ ቀርቶ ነበር። ነገሩን ለመቀየር ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ሼፍ ያልነበሩ አንዲት ሴት ናቸው። ማሪያ ደ ሎርደስ ሞደስቶ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ጀመሩ። ተመልካቾች፣ በተለይ የገጠር እናቶች፣ የየአካባቢያቸውን አሠራር ጽፈው እንዲልኩላቸው አደረጉ። ደብዳቤው ጎረፈ። እሳቸው አነበቡ፣ ሞከሩ፣ በየአውራጃው ከፋፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የፖርቱጋልን ባህላዊ ምግቦች በየክፍለ አገሩ ያሰፈረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ በአገሪቱ የምግብ መጻሕፍት ታሪክ በጣም ከተሸጡት የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ መንግሥትና አምራቾች ተከተሉ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1992 የቦታ ስምን በሕግ የሚጠብቅ ሥርዓት ስታወጣ ፖርቱጋል አይቧን፣ የወይራ ዘይቷን፣ ቋሊማዋን በየተራራውና በየሸለቆው ስም አስመዘገበች። የሴራ ዳ ኢሽትሬላ አይብ የሚባለው ከዚያ ተራራ ውጭ ተሠርቶ በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። ሼፎቹ የመጡት በስተመጨረሻ ነው። ዛሬ ሊዝበን ውስጥ ሁለት የሚሽለን ኮከብ ያለውን ቤልካንቶ የሚመራው ዡዜ አቪሌዝ እንደልቡ የሚፈጥረው፣ ከሱ በፊት ሰው የተጻፈ መሠረት ስላቆየለት ነው።

ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ይጠቅማል። መጀመሪያ እናቶች ተጠየቁ፤ ቀጥሎ ተጻፈ፤ ቀጥሎ በሕግ ተጠበቀ፤ ሼፉ መጨረሻ ላይ መጣ። እኛ ዘንድ የተጀመረው ከመጨረሻው ነው። ሼፉ 47ኛ ፎቅ ላይ አለ፤ ከሥሩ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ገና አልተሠሩም።

የተጀመረ ነገር አለ

ምንም አልተሠራም ማለት ግን ግፍ ነው። ሼፍ ዮሐንስ ገብረ ኢየሱስ ፈረንሳይ ሊዮን ከሚገኘው የፖል ቦኩዝ ተቋም ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ተወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያን ምግቦችና ወጎች የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም አቀፍ ምግቦች ዘርፍ የጄምስ ቢርድን ሽልማት አሸነፈ። ማርከስን ከሸለመው ድርጅት ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለወጣቱ የሚያሳየውም መንገድ የተሻለ ነው፦ ሄዶ ተምሮ ተመልሶ አገር ቤት ሆኖ ስም ማውጣት ይቻላል።

ሆኖም መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያነጣጠረውም ውጭ ያለውን አንባቢ ነው። የሞደስቶ መጽሐፍ ደግሞ አሠራሩን ለላኩት እናቶች በራሳቸው ቋንቋ ተመልሶ ደርሷል። ስለ ባልትና የተጻፈ ተሸላሚ መጽሐፍ የባልትና ሱቅ ባለቤት አንብባ ይህ ልክ ነው፣ ይህ ግን የኛ አገር አይደለም ብላ ማረም ካልቻለች ሥራው ግማሽ ነው። ይህ የዮሐንስ ጥፋት አይደለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያስጠና ተቋም አለመኖሩ ነው ጥፋቱ።

ስም ገንዘብ ነው

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ለሚመስለው ሰው ሁለት ታሪክ ይበቃዋል።

አንደኛው የቡናው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ኩባንያውም የኢትዮጵያን የስሞቹ ባለቤትነት አወቀ። ከዚያ በፊት ስሙ የነበረው ማንም እንደፈለገ በጆንያ ላይ የሚለጥፈው ነበር።

ሁለተኛው የጤፉ ነው። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በተመለከተ የአውሮፓ ፓተንት ወሰደ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ እስኪሽረው ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ግድም አለፈ። ልብ ይባል፣ ስለ ጤፍ ነው የሚወራው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያቦኩት ጤፍ። ያልተጻፈ እውቀት ፍርድ ቤት ፊት ሲቆም ምስክር የለውም።

ስም ያጣ ነገር ሌላም አደጋ አለበት። ጥራቱን የሚጠብቅለት የለም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ፣ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቀለ፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ ገባ የሚለው ዜና ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። ከማረቆ የመጣውና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት በአንድ ስም፣ በርበሬ ተብለው ከተሸጡ ሐቀኛዋ ነጋዴ በሐቋ የምታተርፈው ነገር አይኖርም። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገቡ እንደ ዝንጅብልና እርድ ያሉ ቅመሞችን በአፍላቶክሲን ምክንያት ጠበቅ ባለ ቁጥጥር ውስጥ ማስገባቱም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ችግሩ አደራረቁና አከመቻቸቱ ላይ ነው፤ መፍትሔው ከገበሬው እስከ ነጋዴው ድረስ ሰንሰለቱ በስም እንዲታወቅ ማድረግ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የወላይታንና የከምባታን ዝንጅብል ሲያወድም የስንቱ ገበሬ ኑሮ እንደተናጋ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ሆቴሉ ግን ዝንጅብሉ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ ስለማያውቅ የጎደለበት ነገር መኖሩንም አላወቀም።

ገበያው ራሱም ዘላለማዊ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት በአንድ ሌሊት የስንት ዓመት ንብረት እንደበላ ሁሉም አይቷል። እሳት የነካው ሱቅ እንደገና ይሠራል። ከሱቁ ጋር የተበተነችው ባለሙያ ግን ጎረቤቷን፣ ደንበኛዋን፣ ከገጠር የሚልክላትን ሰው አጥታ እንደገና መጀመር አለባት። መርካቶ ሲታደስ የሚሳለው ፎቅ ብቻ ከሆነ፣ ፎቁ ሲያልቅ ተራው አይኖርም። ተራ ማለት እኮ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ከሌላው የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፦ ሕዝብ በኑሮ ውድነት ሽሮ አቅቶት ሳለ ስለ ሼፍና ስለ ኮከብ ማውራት አያሳፍርም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በርበሬ የምታስፈጨው ሴት፣ ኮረሪማ የሚለቅመው ገበሬ፣ ቅቤ የምትንጠው እናትም ሕዝብ ናቸው የሚል ነው። ስማቸው ሲታወቅ ዋጋቸው ይታወቃል። የይርጋጨፌ ገበሬ ሀብታም ባይሆንም ስም ካለው ቡና ጋር መደራደር ይችላል። ስም ከሌለው ቅመም ጋር መደራደር የሚችል ማንም የለም።

ሁለተኛው፦ ምግብን በየአካባቢው ስም መጥራት ሌላ የብሔር ጭቅጭቅ አይጋብዝም ወይ? ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ይህ ስጋት የሚናቅ አይደለም። ክትፎ የማን ነው፣ ጨጨብሳ የማን ነው እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወረወረውን ስድብ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጭቅጭቁን የሚወልደው ስሙ መጥፋቱ ነው። ሁሉም ነገር በጅምላ የሀበሻ ምግብ ሲባል ያልተጠቀሰው ሁሉ ተነጠቅሁ ይላል። የመርካቶዋ ነጋዴ የምታስተምረው ሌላ ነው። የማረቆ ስትል ምድሩን ነው የምትጠራው። የማረቆውን በርበሬ ከካፋው ጥምዝና ከሸኖው ቅቤ ጋር አዋህዳ ለሐረሬዋም ለጎጃሜዋም ለወለጋዋም ትሸጣለች። ቦታውን ማክበርና ገበታውን መጋራት እሷ ዘንድ አይጋጩም።

ሦስተኛው፦ ማዘመን ማበላሸት ነው። ዶሮ ወጥ በትንሽ ሳህን፣ በአበባ ተጊጦ፣ በሹካ ሲቀርብ ደሙ የሚፈላ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ የሚቀርበው ነገር ቁጣው ይገባዋል። አንድ ምግብ ዘመናዊ ሆነ የሚባለው ሳህኑ ስለተቀየረ አይደለም። አብሳዩ የሚያበስለውን ነገር ከሥሩ ሲያውቅ፣ የቱን ቢነካ እንደሚበላሽና የቱን ቢቀይር እንደሚሻሻል ሲለይ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት በትክክል በልቶ የማያውቅ ሼፍ ዶሮ ወጥን የማሻሻል መብት የለውም። በልታ የምታውቀው ሴት ግን መብቱ አላት፤ ዕድሉን የሰጣት የለም እንጂ።

ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የማይፈልግ ሥራ አለ። የምግብ ቤት ባለቤት ነገ ጠዋት የምግብ ዝርዝሩን እንደገና ጽፎ የበርበሬውን፣ የቅቤውን፣ የጤፉን አገር ቢያሰፍር የሚያወጣው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ያንን ከጻፈ ደግሞ እውነት እንዲሆን ይገደዳል፤ ጥራቱ ከዚያ ይጀምራል። ከዝርዝሩ ግርጌ የዋናዋን ወጥ ሠሪ ስም ቢጨምርበት ያቺ ሴት በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ስትጠይቅ የምትቆምበት መሬት ታገኛለች።

የቴሌቪዥንና የራዲዮ ጣቢያዎች የምግብ ዝግጅት አላቸው። ከታዋቂ ሰው ጋር እየተሳሳቁ ሰላጣ መክተፉ ይቆይና፣ ሞደስቶ እንዳደረጉት ተመልካቹን ይጠይቁ። ዛሬ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የድምፅ መልእክት በቂ ነው። የአጋመዋ እናት ጥሕሎን፣ የነቀምቴዋ አንጮቴን፣ የደብረ ማርቆሷ ስልጆን በገዛ አፏ ትናገር። በአሥር ዓመት ውስጥ ለአሥር ትውልድ የሚበቃ መዝገብ ይሆናል።

የሙያ ማሠልጠኛዎች ባልትናን ከአውሮፓ ምግብ እኩል በደረጃና በፈተና ያስተምሩ። አስተማሪዎቹም ከመርካቶ ይምጡ። ዲግሪ የላትም ተብሎ እሷን ማስቀረት፣ ለዳንስ አስተማሪ የሒሳብ ፈተና እንደመስጠት ነው። መንግሥትም ለቡናው የሠራውን ለበርበሬው፣ ለኮረሪማው፣ ለማሩ ይድገመው። ጋዜጠኞች ደግሞ ምግብ ቤት ሲመረቅ ሪባን የቆረጠውን ባለሥልጣን ስም ጽፈው ወጡን የሠራችውን መርሳታቸውን ይተዉ።

ማርከስ ሳሙኤልሰን ከ47ኛ ፎቅ ቁልቁል ሲያይ የእናቱ አገር ከሥሩ ይታየዋል። እናቱ በወጉ ብትታከም ኖሮ ዛሬ ምን ትሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ምናልባት ባለሙያ ትባል ነበር። እንደሷ ያሉ፣ በሕይወት ያሉ፣ ዛሬ ጠዋት ዛላ ሲቀነጥሱ የዋሉ ሺህ ሴቶች ግን ከሕንፃው ሥር አሉ። እነሱን ለማግኘት ሊፍት አያስፈልግም። በርበሬ ተራ ድረስ ሄዶ ስምሽ ማነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።